ካቬሪን ማን አለማው? ስለ 1880ዎቹ ኩምባኮናም ለተነሣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1880ዎቹ፣ ደቡብ ሕንድ በእንግሊዞች ስትገዛ፣ ወንዝ ዳር ባለች ለም የእርሻ ከተማ ውስጥ ነው። እንግሊዞች ትልቅ ግድብ ሠርተው ደረቁን አገር ለምለም እንዳደረጉት፣ ገበሬውም ዓመቱን ሙሉ ውሃ ስለማያጣ በዓመት ሦስት ጊዜ ሩዝ ያጭድ እንደነበር አንብቤአለሁ። ያን ያህል ለም ከነበረ አራሹ ለምን ደሃ ሆነ? ከተማዋንስ ከምናቤ ልፍጠራት ወይስ እውነተኛ ቦታ ልምረጥ?»

እውነተኛ ቦታ ይምረጡ፤ እሱም በደቡብ ሕንድ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር ያለችው ከተማ ኩምባኮናም ይሁን። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል። አስቀድሞ ግን ያነበቡት ነገር መስተካከል አለበት፤ በእሱ ላይ የቆመ ልቦለድ ገና ከመጀመሪያው ምዕራፍ ይፈርሳልና። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ወራቱን ግን በእኛ አስቀምጣለሁ፤ ክረምቱ ስለሚገጥም ለመረዳት ይቀላል።)

በ1880ዎቹ በካቬሪ ወንዝ ላይ ውሃ አጠራቅሞ ለበጋ የሚያቆይ ትልቅ ግድብ አልነበረም። ብዙ ሰው የሚያስበው የሜቱር ግድብ ሥራው የተጀመረው በ1925 ነው፤ ያለቀው በ1934። የእርስዎ ባለታሪኮች ይህን ግድብ ለማየት ግማሽ ምዕተ ዓመት መጠበቅ ይኖርባቸዋል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ውሃም የለም፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የካቬሪ አልጋ በአብዛኛው ነጭ አሸዋ ነው፣ ሰውም ከብትም በእግሩ ይሻገረዋል። በዓመት ሦስት ጊዜ ሩዝ ማጨድ የሚባለውም እንዲሁ። ቦይ በቅርብ የሚደርሳቸው ምቹ ማሳዎች ሁለቴ ይሰጣሉ። ከዚያ የራቀው አብዛኛው መሬት በዓመት አንድ ዋና ሰብል ብቻ ነው የሚያፈራው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «ደረቁን አገር አለሙት» የሚለው ነው። ኩምባኮናም ያለችበት፣ ካቬሪ የሚያጠጣው የታንጃቩር ደለላማ ሜዳ እንግሊዞች ከመምጣታቸው ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የሩዝ አገር ነበር። ለዚህ ምስክሩ ካላናይ የሚባለው ክትር ነው። የሥራው ባለቤት ካሪካላ የሚባል የቾላ ንጉሥ እንደሆነ ይነገራል፤ ዘመኑም ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ምዕተ ዓመት አካባቢ ይደረጋል። ካቬሪ ከቲሩቺራፓሊ በላይ ሙኮምቡ በሚባል ቦታ ለሁለት ይከፈላል። ሰሜናዊው ክንድ ኮሊዳም ይባላል፣ ደቡባዊው ካቬሪ የሚለውን ስም ይዞ ይቀጥላል። ሁለቱ መሐል ስሪራንጋም ደሴት አለች። በደሴቲቱ ታችኛ ጫፍ ወንዞቹ እንደገና ይቀራረባሉ፤ ኮሊዳም ዝቅ ያለ ስለሆነም የካቬሪ ውሃ እዚያ ላይ እያመለጠ ወደ እሱ ይገባ ነበር። ካላናይ የተሠራው ይህን ማምለጫ ለመዝጋት ነው። ትርፉ ጎርፍ በላዩ ያልፋል፣ የሚፈለገው ውሃ ግን በካቬሪ ውስጥ ይቀራል። ውሃ አያጠራቅምም፤ ያዞራል እንጂ። ይህን ልዩነት በልቦለድዎ ውስጥ እንዳይስቱት፤ ግድብና መቀልበሻ ክትር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ታዲያ እንግሊዞች ምን ሠሩ? ካቬሪ ጠመዝማዛና ዘገምተኛ ስለሆነ ደለል እየጣለ አልጋው ከፍ አለ። ኮሊዳም ግን ቀጥ ብሎ ባሕር ስለሚገባ ይፈጥናል፣ አልጋውን እየቦረቦረም ይጠልቃል። በአሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ሠላሳ ዓመታት የካቬሪ ድርሻ ከዓመት ዓመት እያነሰ፣ ገበሬው እየተጨነቀ፣ አገሩን ያኔ ያስተዳድር የነበረው የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ግብርም እየተጓደለ ሄደ። አርተር ኮተን የተባለው የጦር መሐንዲስ በ1836 ሥራ ጀምሮ በ1838 በሙኮምቡ ኮሊዳምን የሚያቋርጥ ክትር አቆመ፤ ከታች ደግሞ አናይካራይ ላይ ሌላ ክትር ሠራ። መሠረቱን እንዴት አጸናው? ጥልቀቱ በማይታወቅ አሸዋ ላይ ድንጋይ እየጣሉ፣ የሰመጠው ሰምጦ፣ በላዩ እየጨመሩ፣ እስኪረጋ በመጠበቅ ነው። ይህን ዘዴ ከካላናይ እንደተማረው ኮተን ራሱ ጽፎታል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የምወደው ይህ ምስክርነት ነው፤ የእንግሊዝ ምህንድስና የሚባለው ነገር የተተከለው ስማቸው ባልተጻፈ የታሚል ግንበኞች ዕውቀት ላይ ነበርና።

ሥራው ያለ ችግር አላለፈም። ክትሩ ቆሞ ኮሊዳም ሲታገድ፣ ካቬሪ ደግሞ ከሚችለው በላይ ውሃ እየወሰደ ዳርቻውን መቦርቦር ጀመረ። በ1840ዎቹ የክትሩን መካከለኛ ክፍል ዝቅ ማድረግና በካቬሪ አፍ ላይ ሌላ መከላከያ መጨመር ግድ ሆነ። ካላናይ አጠገብ፣ ካቬሪና ከእሱ የሚወጣው ቬናር የሚባል ወንዝ በሚለያዩበት ቦታ፣ በሮች ያሏቸው የውሃ መቆጣጠሪያዎች የተሠሩት ደግሞ ልክ በእርስዎ አሥር ዓመት ውስጥ፣ በ1880ዎቹ ነው። ይህ ለታሪክዎ ወርቅ ነው። ከዚያ በፊት ውሃውን የሚያከፋፍለው የወንዙ ጠባይና የመንደሮች ጉልበት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን በር ከፍቶ ወይም ዘግቶ የአርባ መንደር ዕድል ይወስናል።

ለምነቱን ለመረዳት ሁለቱን ዝናቦች መለየት ያስፈልጋል። ካቬሪ የሚነሣው ከምዕራብ ተራሮች፣ ከኮዳጉ ነው። እዚያ የሚዘንበው በእኛ ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በዚያው ጊዜ ታንጃቩር ሜዳ ላይ ሰማዩ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ውሃው የሚመጣው ሩቅ አገር ከዘነበ ዝናብ ነው። ወንዙ ወደ መውረዱ ሲቃረብ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ የሚነሣው ሌላው ዝናብ በራሱ በሜዳው ላይ ይወርዳል። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይተካል። ደለሉ መሬቱን ያዳብራል፣ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን አገር አገር ያደረገው የሁለቱ ውሃዎች ቅብብሎሽ ነው። ቅብብሎሹ በሦስት ሳምንት ሲዛነፍ ርሃብ ባይመጣ እንኳ ዕዳ ይመጣል።

አሁን ወደ ማሳው። ዋናው ሰብል ሳምባ ይባላል፤ ከመዝሪያው እስከ አጨዳው አምስት ስድስት ወር የሚቆይ ሩዝ ነው። አጭሩ ኩሩቫይ አራት ወር ገደማ ይፈልጋል፤ ከሰኔ ተዘርቶ በመስከረም መጨረሻ ይታጨዳል፣ በእግሩም ታላዲ የሚባል ሁለተኛ ሩዝ ይተከላል። ኩሩቫይ ወንዙ በጊዜ ለሚደርስለት ማሳ ብቻ ነው፤ በሰፊው የተስፋፋውም ከሜቱር ግድብ በኋላ ነው። ስለዚህ ታሪክዎን በሳምባ ላይ ያቁሙት። ዘሩ አንድ ቀንና ሌሊት ውሃ ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ በጆንያ ወይም በገለባ ታፍኖ ሌላ አንድ ቀን ያድራል። ነጭ ጫፍ ብቅ ሲል ጭቃው በተስተካከለ የችግኝ መደብ ላይ ይበተናል። መደቡ ከሚተከለው ማሳ አንድ አሥረኛ ያህል ይሆናል። ችግኙ በመደቡ ላይ ከ30 እስከ 45 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ዋናው ማሳ ውሃ ተሞልቶ በእንጨት ማረሻ፣ በበሬና በጎሽ፣ እስኪላቁጥ ደጋግሞ ይታረሳል። ይህ ለአፈሩ ልስላሴ ብቻ አይደለም፤ የላቆጠው ጭቃ ከታች እንደ ልስን ተጠቅጥቆ ውሃው እንዳይሰርግ ይይዛል። በሚገባ ያልላቆጠ ማሳ ሌሊቱን ውሃውን ይጠጣና ጠዋት ባዶ ሆኖ ይገኛል።

ወንዶች ችግኙን ነቅለው ያስራሉ፣ ሴቶች ጎንበስ ብለው፣ በረድፍ ወደ ኋላ እየሄዱ ይተክላሉ። ይህን ሥራ ለወንድ ባለታሪክ እንዳይሰጡት፤ ተከላ የሴቶች ሥራ ነው፣ በመዝሙርም የታጀበ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ጭንቀት ሁሉ የውሃ ነው። ወንዙ ከዘገየ ችግኙ መደቡ ላይ ያረጃል። ያረጀ ችግኝ ቢተከልም ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ አያወጣም፣ ምርቱም ከዚያው ቀን ጀምሮ ጎድሏል። ወንዙ በጊዜው መጥቶ የጥቅምቱ ዝናብ ገና ሥር ባልያዘ ችግኝ ላይ በኃይል ከወረደ ደግሞ ማሳው ይዋጣል፤ ቅጠሉ ከውሃ በታች ለቀናት ከቆየ ይበሰብሳል። በኅዳር አውሎ ነፋስ ከባሕር ሲመጣ ዘለላ የያዘው ሩዝ ይጋደማል። እዚህ ላይ ከባዕድ ጸሐፊ የሚያመልጥ አንድ ነገር አለ። በዚህ አገር ውሃ የሚያመጣው ቦይና ውሃ የሚያስወግደው ቦይ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው። ላይኛው መንደር ማሳውን ለማትረፍ ውሃ ሲለቅ ታችኛውን ያሰጥማል፤ በድርቅ ወቅት ሲዘጋ ደግሞ ታችኛውን ያስጠማል። ጠብ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ ምንጭ አያገኙም።

አጨዳው በጥር ነው፤ ፖንጋል የሚባለው የአዲስ እህል በዓል ከእኛ ጥምቀት ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይውላል። ነዶው መሬት ላይ እየተደበደበ ይራገፋል፣ የቀረው በከብት ይበራያል። አጨዳው ሊደርስ ሳምንት ከጥቂት ቀናት ሲቀረው፣ ሩዙ ቆሞ ሳለ በእግሩ ላይ ማሾና የማሾ ዘመድ የሆነ ጥቁር ጥራጥሬ ይበተናል። ሩዙ ሲታጨድ ጥራጥሬው በቀረው እርጥበት ይበቅላል፣ ያለ ተጨማሪ ውሃም ይደርሳል። ለዚህ ሥራ ቀኑን መምረጥ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ቀድሞ የተበተነ በውሃ ይበሰብሳል፣ የዘገየ አይበቅልም።

በበጋው መጨረሻ፣ በሚያዝያና ግንቦት፣ ቦዮቹ ይጠረጋሉ። ኩዲማራማት በሚባለው ልማድ እያንዳንዱ መንደር ጉልበት አዋጥቶ የራሱን ቦይ ደለል ያወጣል፣ ዳርቻውንም ያጸናል። ወንዝ ውስጥ ኮራምቡ የሚባል ጊዜያዊ መቀልበሻ በእንጨት ችካል፣ በቅጠላ ቅጠልና በአሸዋ ይሠራል፤ ጎርፍ ሲመጣ ይወስደዋል፣ በዓመቱ እንደገና ይሠራል። ጎርፍ ዳርቻ ሲሰብር ችካል ይተከላል፣ መሐሉ በገለባና በቅርንጫፍ ይጠቀጠቃል፣ በላዩ ሸክላ አፈር ይደለደላል። አሸዋ ብቻ ከተደፋበት ሌሊቱን አያድርም። እንግሊዞች በ1858 ባወጡት ሕግ ለእንዲህ ዓይነቱ አደጋ ሰውን በግዳጅ ማሰማራት ይቻል ነበር። በተግባር የሚሰማራው ማን እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ውሃውን ከቦይ ወደ ማሳ የሚያዞረው ደግሞ ኒርካቲ የሚባል የመንደሩ ሠራተኛ ነው። መሬት የለውም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከተናቁት ወገን ነው፤ ማታ የማንን ቀዳዳ ከፍቶ የማንን እንደሚደፍን የሚያውቀው ግን እሱ ነው። እኔ ብሆን ዋናውን ገጸ ባሕርይ ከዚህ ሰው እጀምር ነበር።

«አራሹ ለምን ደሃ ሆነ» ለሚለው መልሱ በመሬቱ ለምነት ውስጥ የለም። ጥያቄው ራሱ ባለመሬቱንና አራሹን አንድ አድርጎ ይዟል። በታንጃቩር ባለመሬቱ ሚራስዳር ይባላል፤ በመንደሩ መሬት ላይ በዘር የሚወረስ፣ የሚሸጥና የሚለወጥ ድርሻ ያለው ሰው ነው። ብዙዎቹ ብራህሚኖች፣ ማለትም የካህናት ወገን፣ እና ቬላላሮች የሚባሉ የባለመሬት ወገን ናቸው። ብራህሚን በልማዱ ሞፈር አይጨብጥም። ከሱ በታች መሬቱን በእኩል ወይም በቁርጥ እህል የሚያርስ ጭሰኛ አለ። ከሁሉ በታች ፓናያል አለ፤ ከአንድ ጌታ ጋር የተቆራኘ ሠራተኛ ነው። አብዛኞቹ ፓላርና ፓራያር ከሚባሉት፣ «አይነኬ» ተብለው ቼሪ በሚባል የተለየ ሰፈር ከሚኖሩት ወገኖች ናቸው። ደመወዙ በየቀኑ የሚሰፈርለት እህል፣ የጎጆ ቦታ፣ ምናልባት ትንሽ ቁራሽ መሬት፣ በበዓል አንድ ጨርቅ ነው። ልጁን ሲድር የተበደረው ገንዘብ ዕድሜ ልኩን ያስረዋል፣ ለልጁም ይተላለፋል።

ጥንቃቄ ያድርጉ፤ በ1880ዎቹ ይህን ሰው በሕግ ቋንቋ «ባሪያ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። በ1843 የወጣው ሕግ ፍርድ ቤቶች የባርነትን መብት እንዳያስከብሩ ከለከለ፣ ከ1862 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ሰውን በባርነት መያዝን ወንጀል አደረገ። ነገር ግን «ነጻ ሰው» ብሎ መጻፍም ያንኑ ያህል ውሸት ይሆናል። የያዘው ሰንሰለት ዕዳው፣ የጎጆው ቦታና የመንደሩ ክንድ ነው። ማምለጫው ባሕሩ ነበር፦ ከናጋፓቲናም ወደብ መርከብ ይዞ ወደ ፔናንግና ማላያ፣ ወይም ወደ ሲሎን እርሻዎች መሄድ። እዚያም የሚጠብቀው የጉዞ ዕዳ ነው፤ ሆኖም ብዙዎች ሄደዋል።

መንግሥትስ? ታንጃቩር በ1799 በውል ወደ ኩባንያው አስተዳደር ገባች፣ በ1855 ንጉሡ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት ዙፋኑም ተዘጋ። ግብሩ በጥሬ ገንዘብ፣ በየተወሰነው ጊዜ በክፍያ ይገባል። ይህ ማለት አዝመራው ሲገባና ዋጋው ሲወርድ ገንዘብ የሚያስፈልገው ደካማው ይሸጣል፣ ጎተራ ያለው ይጠብቃል። የ1876 እስከ 1878 ታላቁ ርሃብ ማድራስ የሚባለውን የእንግሊዞች የደቡብ ሕንድ ግዛት አውራጃዎች ሲያጠፋ የካቬሪ ሜዳ ከሞላ ጎደል ተረፈ፤ እህሉም በተወደደ ዋጋ ወደ ውጭ ተጫነ። ለሚራስዳሩ ዓመቱ የትርፍ ዓመት ነበር። ከዚያ ትርፍ ለፓናያሉ የደረሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። በ1880ዎቹ የሚኖር አርባ ዓመት የሞላው ባለታሪክ ይህን ሁሉ ያስታውሳል፤ ሊዘነጋ አይችልም።

ኩምባኮናም የተመረጠችው ይህ ሁሉ እዚያ በአንድ ቦታ ስለሚገናኝ ነው። ከተማዋ በካቬሪና ከእሱ በሚለየው አራሳላር ወንዝ መሐል ተቀምጣለች፣ ከታንጃቩር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሚራስዳሮች መሬታቸውን በመንደር ትተው ከተማ ይኖሩባታል። በ1854 የተከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት በርስዎ ዘመን ኮሌጅ ሆኗል፣ የባለመሬት ልጆችንም ለእንግሊዝ ቢሮ ያሠለጥናል። ባቡር አለ። ነሐስ አቅላጮች፣ ሐር ሸማኔዎች፣ ታላላቅ ቤተ መቅደሶች፣ በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴ ሕዝብ የሚጎርፍበት የማሃማሃም ኩሬም አሉ። በወንዙ ዳር ባለው ልል አፈር ላይ የቤቴል ሐረግ፣ ሙዝና ሸንኮራ ይበቅላሉ። ቤቴል ስል አሬካ ከሚባል የዘንባባ ፍሬና ከኖራ ጋር የሚታኘከውን ቅጠል ማለቴ ነው፤ የኩምባኮናም ቅጠል በስሱነቱ የታወቀ ነው፣ ሐረጉም ለጥላና ለድጋፍ ተብሎ በሚተከል ፈጣን ዛፍ ላይ ይጠመጠማል። ከተማዋ በሌላም ትታወቃለች፦ በወባ ትንኝ መሰል ትንኞች በሚተላለፈው የእግር ማበጥ፣ በዝሆኔ። የረጋ ውሃ ባለበት ከተማ ይህ ሊቀር አይችልም፤ መንገድ ላይ አንድ ያበጠ እግር የማያሳይ ልቦለድ አገሩን አላየም።

ከዚህ ውጭ የሚያስቱ ነገሮች፦ ሻይ ቅጠል በዚህ ሜዳ አይበቅልም፣ ተራራ ላይ ነው። የሞተር ፓምፕ ገና የለም። መሬት በሄክታር አይለካም፤ በቬሊ ነው፣ አንዱ ቬሊ ስድስት ኤከር ተኩል ያህል ሲሆን በሃያ ማ ይከፈላል። እህል በካላም ይሰፈራል፣ አንዱ ካላም አሥራ ሁለት ማራካል ነው። አንድ ሩፒ አሥራ ስድስት አና ነው። ቋንቋው ታሚል ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ሰዎች ዘር ማራታ ቢሆንም የማሳው ቋንቋ አልተለወጠም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ልቦለዱን በአንድ የሳምባ ሰብል ዕድሜ ውስጥ ያስቀምጡት፤ ደረቁ አሸዋ ላይ፣ ቦይ ሲጠረግ በግንቦት ይጀምር፣ በጥር አውድማ ላይ ይለቅ። ዓመቱን ካላናይ አጠገብ አዲሱ የበር መቆጣጠሪያ ከተሠራ በኋላ ያድርጉት፤ በመንደሮቹ ልማድና በመንግሥቱ በር መካከል ያለው ግጭት ያኔ ነው ትኩስ የሚሆነው። መንደሩን የቦዩ ጫፍ ላይ ያስፍሩት፣ ውሃ መጨረሻ የሚደርስበት ላይ። ሚራስዳሩ ኩምባኮናም ይኑር፣ ኒርካቲው መንደር። የሐምሌ 26 ግድም የወንዙን መሙላት የሚያከብሩበት የአዲ በዓል ሲደርስ ሴቶች ዳር ወርደው አበባና ምግብ ለወንዙ ሲሰጡ፣ በዚያ ዓመት ውሃው ገና ቁርጭምጭሚት ላይ ይሁን። ችግኙ መደቡ ላይ እያረጀ ነው፣ የበሩ ባለሥልጣን መልስ አልሰጠም፣ የላይኛው መንደርም ኮራምቡውን ከፍ አድርጓል። ኒርካቲው በዚያ ሌሊት የሚያደርገውን እርስዎ ይወስኑ፤ በዚያ አገር ግን ሁለት ነገር ብቻ ማድረግ ይችላል፦ የላይኛውን ኮራምቡ መናድ፣ ወይም የጌታውን ማሳ ትቶ ከቼሪው አጠገብ ላለችው ለራሱ ወገን ቁራሽ መሬት ቀዳዳዋን መክፈት።